የባህል አታሼው ምሳ

ሮቤል የሞተው ሰኞ ግንቦት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ከሚኖርበት ሕንፃ ወጥቶ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ መታጠፊያው ላይ ከባድ መኪና ገጨው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤት ቀለም መቀባት ይማር ነበር፤ እየሠሩ መማር ነው፣ እዚያ ሌህረ ይሉታል። ሱሪው ላይ የዓርቡ ነጭ ቀለም እንዳለ ነበር።

በዚያ ሰዓት አገሪቱ የምትባለው እህቱ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር፣ የአሠሪዋን የገረመውን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ማክሰኞም ተኮሰች። ረቡዕ መስኮት ወለወለች፤ ሐሙስ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። የወንድሟን ሞት የሚያውቀው ሰው ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄደ፤ እሷ ግን እስከ ቅዳሜ ቀትር አልሰማችም። ይህ በስሕተት የሆነ ነገር አይደለም። በባህል ነው የሆነው። ቢያንስ ገረመው እንዲያ አለ፤ እሱ ደግሞ የባህል አታሼ ነው።

አታሼ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ በዲፕሎማቶቹ መካከል ለአንድ ሙያ ተብሎ የሚጨመር ሰው ነው። አምባሳደር ሁሉን አውቆ ስለማይፈጠር ጦር የሚያውቅ፣ ንግድ የሚያውቅ፣ ጤና የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ይቀመጥለታል። ነገሩ በራሱ ጥሩ ነው። ጄኔቭ ውስጥ ስለ ወባ ወይም ስለ ስንዴ አንድ ጥያቄ ጠይቀሃቸው ቡናህ እስኪቀዘቅዝ የማይለቁህ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ገረመው ግን የመጣው ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ውጭ ያለው ሐበሻ አኩርፎ ነበር፤ ግማሹ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ ግማሹ የሚሲዮኑን፣ የጄኔቩን ኤምባሲ ማለት ነው፣ በር ዞሮም አያይም። «ሰዉን በባህል እንያዘው» ያለ አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ነበረ ይባላል፤ ገረመው ተላከ። ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ሲጠየቅ «በዘርፉ ነበርኩ» ይላል። ዘርፉ የቱ እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም።

ቢሮው ውስጥ ጥበብ ቀሚስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ደረደረ። አንድ ትልቅ ከበሮ ከአገር ቤት አስመጣና ከቆዳው መሀል ሚስማር መትቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በሦስት ዓመት ውስጥ የሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ሌላ ቢኖር የባህል ምሳው ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ በመኖሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከየድርጅቱ ፈረንጆች ይጠራሉ፤ ሐበሾቹም ከነሚስቶቻቸው ይመጣሉ፤ ገረመው በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርጋል። የሚያበስሉት እጆች የሠራተኛዋ የአገሪቱ ናቸው።

ቨርሷ በምትባል ቅርብ ከተማ በሌላ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ወርቅውሃ የምትባል ሴት አለች፤ አገሪቱን በአሥር ዓመት ትበልጣታለች፣ አፏም በዚያው ልክ ይበልጣል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ፦

«የጦር አታሼው ጦርነት ሲመጣ ይጠራል» አለች። «የንግዱም ነጋዴ ሲመጣ ይጠራል። ያንቺው ሰውዬ ግን ምን ሲመጣ ነው የሚፈለገው?»

«ምሳ ሲመጣ» አለች አገሪቱ።

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሽማግሌ ጋዜጣውን ከፍ አደረገ።

አገሪቱ ሙሾ ታወጣለች። ወረኢሉ ሳለች ማንም አላስተማራትም፤ ለቅሶ ቤት ጥግ ተቀምጣ አልቃሾቹን ስትሰማ ለመደችው። ኋላ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት «ያቺን ልጅ ጥሯት» ይባል ጀመር። ድምጿ ትልቅ አይደለም። ግን ሟቹን ታውቀዋለች፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማን እንዳስቀየመው፣ ለማን ሳይነግር የሄደው ነገር እንዳለ። ግጥሟን የምትገጥመው ከዚያ ነው። ግራንድ ሳኮኔም ሳህን ስታጥብ አንዳንዴ በአፍንጫዋ ታዜመዋለች፤ አንድ ቀን ሚያዝያ ውስጥ ገረመው ከኋላዋ ቆሞ ሰማት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሾ ነው፣ ጋሼ።»

«ትልቅ ቅርስ እኮ ነው! ለባህል ምሳው ታቀርቢዋለሽ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትንሽ ደረት መምታት ጨምሪበት፣ ፈረንጅ እንቅስቃሴ ይወዳል።»

አገሪቱ እጇን ከውሃው አወጣች። «ሬሳ በሌለበት አይሞሾም፣ ጋሼ። በራስ ላይ መጥራት ነው።»

«አጉል እምነት!» አለ የባህል አታሼው፣ እየሳቀም ወጣ።

ሰኞ ዕለት ዙሪክ ላይ ሆስፒታሉ የጠራው ባልቻን ነው። ባልቻና ሮቤል አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። የአገሪቱ ቁጥር ባልቻ ስልክ ውስጥ አለ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አነሳው። ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እሷ ከቤት ሳትወጣ ነው፤ አንዱ ሊይዛት፣ አንዱ ውሃ ሊያቀምሳት ቆሞ። ልጁ ከአገር የወጣው ጢም ሳያበቅል ነው፤ ይህን ግን ያውቃል። ስለዚህ ለምትኖርበት ቤት ጌታ ደወለ፤ ትልቅ ሰው፣ የመንግሥት ሰው፣ የባህል ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ለማን ይነገራል?

«ጌታዬ፣ አደራ» አለ እያለቀሰ። «ሰው ሰብስበው እንደ ወጉ ይንገሯት።»

«ለዚህማ እኔ አለሁ አይደል ወንድሜ» አለ ገረመው።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ወደ ሉሉ ዞረ። ሉሉ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን ያዘች። «ዛሬውኑ እንንገራት እንጂ!» አለች። ገረመው አሰበ። ከዚያ ያሰበውን ተናገረ፦

«ቅዳሜ ምሳው አለ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዶሮውን ማን ይሠራዋል?»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ግን እሷም ዶሮ መሥራት አትችልም። ገረመው አንዴ መንገዱን ካገኘ በኋላ ምክንያቱ ከየአቅጣጫው መጣለት። መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው መሰብሰብ አለበት። ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ለቅሶ አይፈቀድም። ሰኞ ማለዳ የሚሲዮኑ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ፣ በክብር ይነገራታል። ረቡዕ ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቹ ይህንኑ አስረዳ፤ እነሱም «ልክ ነው፣ ወግ ነው» አሉ። አንዱ እንዲያውም «ባህል ማወቅ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ረቡዕ ባልቻ እንደገና ደወለ። ጓደኞቹ ተሯሩጠው ሬሳውን ወደ አገር ቤት መላኪያ ጨርሰዋል፤ አውሮፕላኑ እሁድ ነው፣ ሳጥኑ ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይታሸጋል። በቆርቆሮ ተበይዶ ስለሚዘጋ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። «ከሷ ሌላ የሥጋ ዘመድ እዚህ የለውም። መጥታ ፊቱን ትየው። መቼ ትደርሳለች?»

ገረመው አልተንተባተበም፤ ይህን ለመመስከር ያህል ነው። «ነግረናታል» አለ። «በጣም ተጎድታለች። ሐኪም መንገድ ከልክሏታል። አትጠብቋት።»

በዚያ ሳምንት አገሪቱ ቤቱ እንግዳ ሆነባት። ረቡዕ ማታ እንደ ወትሮው ለሮቤል ልትደውል ስልኳን ብትፈልግ አጣችው። «ልጆቹ ሲጫወቱበት የሆነ ቦታ ጥለውት ነው» አለች ሉሉ ዓይኗን ሳታነሳ። ሐሙስ ሉሉ ራሷ ሻይ አፍልታ «ቁጭ በይ እስቲ፣ ትንሽ ዕረፊ» አለቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጭ በይ ተብላ አታውቅም። ዓርብ ገረመው ኩሽና ድረስ መጥቶ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሏት ሄደ።

አገሪቱ ደግነቱን ፈራችው። መኖሪያ ካርዷ፣ ካርት ደ ሌጂቲማሲዮን የሚሉት፣ በገረመው ስም ነው የወጣው፤ እሱ ካሰናበታት አገሩ ያሰናብታታል። ያለ ምክንያት የለዘበ አሠሪ ሊያባርር ነው ብላ ደመደመች። ስለዚህ ምሳውን ከወትሮው አብልጣ ልትሠራ ቆረጠች። ሽንኩርቱን ስትልጥ፣ ስትከትፍ፣ እንባዋ ጉንጯን ሲያጥበው ዋለ። በክንዷ እየጠረገች «ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው የዘንድሮው!» አለች ለራሷ።

ቅዳሜ ግቢው በነጭ ጠረጴዛ ተሞላ። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ በየጊዜው አውሮፕላን በላያቸው ያልፋል። አገሪቱን ጥልፍ ቀሚስ አለበሷት፤ ከኩሽና ብቅ ስትል እንድታምር። ሐበሾቹ እንግዶች አንድ በአንድ እየገቡ ሲስሟት ከወትሮው አቆዩዋት። ጨው በዛ ጨው አነሰ ሳይል የማይበላው የሒሳብ ሹሙ አስፋው እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እግዚአብሔር ያበርታሽ» አላት። ለዶሮው መስሏት «አሜን፣ አልቋል እኮ» አለችው። አስፋው ፊቱን ዞር አደረገ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ተቀመጠና በላ። ሁሉም በሉ።

ወርቅውሃ ለማስተናገድ የመጣችው ዘግይታ ነው። ከቨርሷ ሲመጡ እመቤቷ መኪና ውስጥ ነገረቻት፤ «ሰኞ ነው የሚነገራት፣ እንዳታወጪ» ብላ። ወርቅውሃ ግቢው በር ላይ ከመኪናው ስትወርድ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገልብጣ ደገመችው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆነ፣ አገጯ ሥር። ላለመናገር ምላለች። ነጠላዋ ግን አልማለም።

ኩሽና ስትገባ አገሪቱ እንቁላል እየላጠች ነበር።

«እትዬ ወርቄ፣ ነጠላሽን ዘቅዝቀሻል እኮ!» ብላ ሳቀች። «ድግስ ነው የመጣሽው ለቅሶ?»

ወርቅውሃ አላስተካከለችውም። አልሳቀችምም። በዚህ መሀል ገረመው ከነከረባቱ ብቅ አለ።

«ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ጥለቱን ወደ ታች ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ፎቶ አለ፤ ድምቀቱ አይታይም።»

ወርቅውሃ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሰውየው እያሾፈ አልነበረም። ጥለት ወደ ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ በሕይወቱ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሴቶቹን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። «እሺ» አለችው። እሱም ንግግሩን ሊያደርግ ወጣ።

አገሪቱ የያዘችውን እንቁላል አስቀመጠች። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ለኔ አይደለም የለበስኩት።»

አገሪቱ የጠፋውን ስልክ አሰበች። ሻዩን አሰበች። የአስፋውን ሁለት እጆች አሰበች።

«ሮቤል ነው?»

ወርቅውሃ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«መቼ?»

«ሰኞ ነው አሉ። ሰኞ ጠዋት።»

ውጭ ገረመው እያስረዳ ነበር። የዚያ ዓመት ርዕሱ ዕድር ነው። በኛ ዘንድ ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም እያለ ነው፤ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ እሳት አይነድበትም፣ እህል ከውጭ ይመጣለታል። ፈረንጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐበሾቹ ሳህናቸውን ያያሉ። አገሪቱ እንግሊዝኛው ብዙ አይገባትም፤ በጥልፍ ቀሚሷ ላይ ሽርጧን እንዳደረገች ወጥታ በጠረጴዛዎቹ መካከል ቆመች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ያን ጩኸት የሰማ ሐበሻ ሁሉ ማንኪያውን ጣለ።

ፈረንጆቹ ግን ካሜራቸውን አነሱ።

ገረመውም፣ ይህን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል፣ ፈገግ እንዳለ ወደ እነሱ ዞሮ በእንግሊዝኛ «ይህ ባህላዊ የሐዘን ዜማችን ነው» አለ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዲት ሽበታም ሴት ብቻ የአገሪቱን ፊት አይታ ካሜራዋን አወረደችና ተነሣች።

ገረመው ክንዷን ይዞ በዝግታ «አገሪቱ፣ ባህላችን እንዲህ አይደለም» አላት። «ሰኞ ማለዳ ልናረዳሽ ሁሉን አዘጋጅተናል። ሰው ተጠርቷል።»

«ወንድሜ የት ነው?»

«ዙሪክ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ነገ ይሄዳል።»

«ፊቱን ልየው።»

«ሳጥኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይታሸጋል፤ አትደርሽበትም። ለምን ትንገላቺያለሽ?»

አገሪቱ ክንዷን አስለቀቀች። በሩ ላይ ሉሉ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አገሪቱ ስታልፍ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ከአፏ የወጣው ግን «ዶሮውስ?» የሚል ነው። ሊወጣ የቀረ አንድ ድስት ነበር። ወርቅውሃ ሰምታ «ራስሽ ቅጂው፣ እመቤቴ!» አለቻትና አገሪቱን በክንዷ ይዛ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሮጠች።

ለባልቻ እንዳይደውሉ ቁጥሩ ያለው የጠፋው ስልክ ውስጥ ነው። ባቡር ውስጥ አገሪቱ ከነሽርጧ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ በርበሬ ይሸታል። «ፍጠን በይው እስቲ፣ እትዬ ወርቄ» ትላለች ስለ ባቡሩ፣ ሰው ይመስል። ወርቅውሃ እጇን ይዛለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባቡሩ ገና መንገድ መሀል፣ በርን ከተማ ጣቢያ ቆሞ ሰው ይጭን ነበር።

ሽዋመንዲንገን የደረሱት ልጆቹ ሬሳውን አሳሽገው ሲመለሱ ነው። ደረጃው ላይ ተገናኙ። ባልቻ ጥቁር ጃኬት ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞበታል። አገሪቱን ሲያይ ግድግዳውን ደገፈ።

«እታለም! መምጣት አትችልም ተባልን እኮ!»

«ማን አላችሁ?»

«ጋሽ ገረመው ነው እንጂ ሌላ ማን! ሐኪም ከልክሏታል፣ አትጠብቋት አለን። እስከ መጨረሻው ደቂቃ በሩን ስናይ ነበር። ብናውቅ እኮ ሳጥኑ ላይ ተኝተንም ቢሆን እናቆየው ነበር!»

«እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር» አለች አገሪቱ። ባልቻ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን በጥፊ ይመታ ጀመር። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ ለሱ የነገርኩት እኔ ነኝ» እያለ። እጁን የያዘችለት አገሪቱ ናት። «አንተ ወጉን ነው ያደረግከው» አለችው።

ለቅሶው በሮቤልና በባልቻ ክፍል ተቀመጠ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ተደረደረ። ከሥር የምትኖረው ሽዊዛዊት አሮጊት በጩኸቱ ልትከስ መጣች ብለው ሲፈሩ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ኬክ ይዛ ገባች። ከአገሪቱ ጎን ተቀመጠች፤ እጇን ይዛ ቆየች። ባህል ያስተማራት ማንም አልነበረም።

አገሪቱ ሦስቱን ቀን አልሞሸችም። ሲለምኗት «ሬሳው የት አለና» ትላለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከጄኔቭ መጣ። ገረመው ከፊት ነው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር መነጽር፣ ከኋላው አስፋው የአበባ ጉንጉን ተሸክሞ። በምሳው ላይ የነበሩት ሐበሾች ሁሉ ማለት ይቻላል ነበሩ። ወርቅውሃ በሩ ላይ ስታያቸው «መርዶ ነጋሪዎቹ መጡ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰሙ አድርጋ። ባልቻ ሊያስወጣቸው ተነሣ፤ አገሪቱ በዓይኗ አስቀመጠችው። ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም።

ገረመው አልተቀመጠም። መነጽሩን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ ወገኖች፣ እንደሚታወቀው ባህላችን በሐዘን ጊዜ አንድ ላይ የመቆም ባህል ነው። ሚሲዮናችንም በዚህ ረገድ…»

አገሪቱ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ድምጿ ከዝቅታ ነው የጀመረው፤ ገረመው ንግግሩን ሊቀጥል ሞክሮ ሁለት ቃል ያህል ተደርቦባት ቆመ። አልቃሽ ስታወጣ ማንም አያቋርጣትም፤ ንጉሥም ቢሆን አፉን ይዘጋል። ይህን እሱም ያውቅ ነበር፣ ወይም ያን ጊዜ ከሰዉ ፊት ላይ አነበበው።

*ወንድሜ ተኝቶ ከበረዶ ቤቱ፣*
*እንባዬን ጨረሰው የጌታው ሽንኩርቱ።*

ሴቶቹ «ወይኔ፣ ወይኔ» ብለው ተቀበሏት። ደረት መምታቱ ከክፍሉ ወደ ደረጃው ወረደ።

*ባህል አዋቂው ሰው ከሩቅ የተላከ፣*
*በወንድሜ ሬሳ ድግሱን ባረከ።*

ሰው ሁሉ ወደ ገረመው አላየም። ማየት አላስፈለገውም። እሱም እንደሌላው ደረቱን መምታት ነበረበት፤ መታ፤ ግን ከምቱ ወጥቶ ነው የሚመታው፣ ሁሉ ሲያነሳ እሱ ያወርዳል። አሮጊቷ ሽዊዛዊት እንኳ በጉልበቷ ላይ ምቱን ጠብቃ ነበር።

ከዚያ አገሪቱ ወደ አስፋውና ወደ ሴቶቹ፣ ቅዳሜ ወጧን ወደ በሉት ሁሉ ዞረች። ድምጿ ወረደ።

*ብሉልኝ ጠጡልኝ ስላችሁ የዋልኩት፣*
*ለካ ተዝካሩን ነው ቀድሜ ያወጣሁት።*

የሚቀበላት ጠፋ። አስፋው የአበባ ጉንጉኑን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ከሴቶቹ አንዷ አፏን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች፤ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ጨምራ የበላችው እሷ ናት። ሟቹ ሳይቀበር ተዝካሩን የበላ ሰው ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ስለማያውቅ ስም አልወጣለትም።

ገረመው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሲወጣ በሩ ላይ ለባልቻ ቀስ ብሎ «አዘጋጃጀቱ ላይ ክፍተት ነበር» አለው።

«ያስተምሩን እንጂ፣ ጌታዬ» አለው ባልቻ። «ባለሙያው እርስዎ ነዎት።»

ሮቤል ወረኢሉ ተቀበረ። ሳጥኑ አልተከፈተም፤ እናቱ ወይዘሮ አበባየሁ ፎቶውን ከላይ አድርጋ አለቀሰችበት። አገሪቱ ወደ ግራንድ ሳኮኔ አልተመለሰችም። ካርዷ ተሰረዘ፤ ሌላ አሠሪ እንድታገኝ የተሰጣት ጊዜ ሳያልቅ ወርቅውሃ ቨርሷ ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰብ ፈልጋ አስገባቻት። ስልኳን ሉሉ በፖስታ ላከችላት፤ ሮቤል በሞተ ዋዜማ፣ እሁድ ማታ፣ ደውሎ ያላነሳችው፣ ረቡዕ እደውልለታለሁ ብላ ያቆየችው ጥሪ ውስጡ ነበር።

በሚቀጥለው ግንቦት የባህል ምሳው ሲደርስ ከሐበሻ ሴቶች አንዲትም ልታበስል አልመጣችም፤ ምግቡ ከሊባኖሶች ምግብ ቤት ታዘዘ። በዚያው ክረምት ገረመው አማካሪ ተብሎ፣ ደረጃው ከፍ ብሎ፣ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ።